የት ላይ ይሁን?

ኅዳር ነው፤ የመንዝ ውርጭ ገብሱን እየላሰ፣
ሰዉ እስከ ጆሮው ድረስ ዝተት እንደለበሰ፣
ፀሐይ ሊሞቅ ሰፍሮ ከካቡ ሥር ተርታ፣
እኔ ድምፅ ማጉያ፣ አዲስ፣ የስጦታ፣
አንሥቼ ጀመርኩኝ። ሃያ ሦስት ዓመቴ፤
ከደብረ ብርሃን ነው ያመጣኝ ትምህርቴ።

«ባለድርሻ አካላት! በተቀናጀ መልኩ
ንቅናቄ ፈጥረን፣ ግባችን በልኩ...»
ገደሉ ብቻ ነው የመለሰ ለእኔ፣
«ልኩ... ልኩ...» እያለ። ከፊቴ፣ ከጎኔ
ያሳለ ሰው የለም።
አንዱ ጥርሱን ፋቀ፣ አንዱ ሰማይ አየ፣
ሌላው ከበርኖሱ አሜኬላ ለየ።

ነገሩ ድልድይ ነው። ሸርተቴ ከሞላ
ታች አምባ ሌላ አገር፣ ላይ አምባም ሌላ።
ሐምሌ ላይ ተማሪ ከወንዙ ዳር ቆሞ
ደብተሩን ታቅፎ ይመለሳል ደግሞ።
ይህንን በሰነድ፣ በቁጥር፣ በመቶኛ
አነበብኩላቸው። አድማጬ ግን ተኛ።

«ማን? እኔ ነኝ?» አለ ተነሥቶ ሽብሩ፣
ከታች አምባ ጋራ በሣር፣ በድንበሩ
ሲካሰስ የከረመ። «የነሱ በግ ዞሮ
ሣሬን እንዲግጥልኝ ድልድይ ልሥራ ዘንድሮ?»
ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን ድምፁን ከፍ አደረግሁት፤
መልስ ባጣሁ ቁጥር ቁልፉን ነው የነካሁት።

እትዬ ሙሉሸዋ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ያኔ
«አጥፋው ልጄ» አሉኝ፣ ቆም ብለው ከጎኔ።
አጠፋሁት።
ጉሙ እንኳ ሲሄድ ይሰማል።

ሽብሩን አልገሠጹም። ተረትም አልተረቱ።
ዝም አሉ፤ እንዝርቱን በጣት እየመቱ።
«ሽብሩ» አሉ ኋላ፣ «ወንዙን ታውቀዋለህ።
ያባትህን በሬ ጎርፍ ሲወስድብህ
እስከ አንገትህ ድረስ የገባህ አንተ ነህ።
እኔ ይሠራ አላልኩም። ብቻ ልጠይቅህ፤
ይሠራ ቢባልስ፣ የት ላይ ይሁን ባይህ?»

አንገቱን አከከ። ካርታዬን አየና
ሳቀ፣ እንደ መራራ።
«ይሄ ልጅ ያለበት ሐምሌን አያልፍም፤
አሸዋ ነው ሥሩ፣ ምሰሶ አይደግፍም።
ከኮሶው ከፍ ብሎ ጥቁር አለት አለ፣
ከወዲያም ወንድሙ። እዚያ ላይ ከዋለ
ልጅ ልጄም ይሄድበታል...»

ሽብሩ አፉን ያዘ፤ ጆሮው ቃሉን ሰማው።
«ልክ ነው፤ አለቱስ» አለ ወንድይፍራው፣
የታች አምባው ከሳሽ፣ ሳያነሣ አንገቱን፤
«ግን በኛ በኩል ያለው ይጠረብ ፊቱን።»

«በመሆኑም...» ልል ስል፣ ማጉያውን ላነሣ፣
እትዬ በዓይናቸው ያዙኝ። ከዚያ ወዲያ
የሰማሁት ነገር የሽብሩን ነው ብቻ፦
«ቅዳሜ በጠዋት። መዶሻ ያለው ያምጣ።»

አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ደብረ ብርሃን ነኝ።
ስብሰባ እመራለሁ፤ ጥሩ ማይክ አለኝ።
ልዋሽ አልፈልግም፤ አሁንም አበዛለሁ፣
መልስ ሲጠፋብኝ ቁልፉን እነካለሁ።
አንዳንድ ቀን ግን ከኋላ ወንበር ላይ
ክንዱን አጣምሮ የተቆጣ ሰው ሳይ፣
ማይኩን አጥፍቼ፣
«አንተስ» እለዋለሁ፣ «የት ላይ ይሁን ትላለህ?»

ከዚያ ዝም ማለት ነው።
እስከ ዛሬ ድረስ እሱ ነው የከበደኝ።