መስመሩ እንዳይያዝ

ቶሊዶ፣ ጥቅምት ነው። ከወንዙ ባሻገር፣
ጫማ ይሸጥበት በነበረ አዳራሽ ዳር፣
ሃያ አራት ስልክ አለ፣ ሃያ አራት ወንበር፤
እኔ አሥራ ሰባት ነኝ፤ ስሜም እሱ ነበር።

«ከተጻፈው ውጪ ቃል እንዳትጨምሩ፤
አታባብሉ፣ አትሳቁ፣ አትከራከሩ፤
ቢሰድቧችሁም አመስግኑና ሌላ ቁጥር ጥሩ»
ይላል ዱዌይን፣ አለቃችን፣ ክራቫቱን እየፈታ።
ጦርነቱ ዓመት ከመንፈቁ፤
ለምርጫው የቀረው አሥራ ሁለት ማታ።

«ምርጫው ዛሬ ቢሆን ድምፅዎ ለማን ነው?
አገሪቱ የያዘችው መንገድ ቀና ነው?»
አንዱ ሳልጨርስ ይዘጋል፤ አንዱ እራት ላይ ነው።
አንዲት ሴት ጥያቄዬን ለባሏ ታሰማለች፣
እሱ ያላትን ትደግምና
«የራሴ ሐሳብ ነው» ትላለች።

በእረፍት፣ በጓሮ በር፣ ሲጋራ ስናጨስ፣
ቨርኖንና ሎሬታ ይጀምራሉ መካሰስ።
«ወንዝ መሃል በቅሎ አይቀየርም!» ይላል።
«የምትሰጥም በቅሎ ላይ ማን ይቀመጣል?»
«የናንተ ሰው ፈሪ!» «የናንተ ውሸታም!»
«በሁለት ነጥብ መራን!» «ያ የማክሰኞ ነበር፣
በሐሙሱ እኛ ነን!» — የኳስ ውጤት ይመስል ነገር።
ሁለቱም የሚወራወሩት ቁጥር
እኛው የለቀምነው ነው፣ ከዚያው ወንበር፣
ከሰው እራትና ከሰው ስድብ መሃል።

ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ማሽኑ የደወለው፣
ያረጀ ድምፅ አነሳ፦
«ካዝሚር፣ አንተ ነህ ወይ?» አለኝ ሳልናገረው።
«አይደለሁም እመቤት፤ ስለ ምርጫው ነበር...»
«ምርጫ?» አለች። ዝም አለች።
ማቀዝቀዣዋ ይሰማኛል ሲያንጎራጉር።
«ምርጫማ አልነበረኝም። አሥራ ስምንት ሲሞላው
ፈርሞ ነው የነገረኝ፤ ምን ብዬ ልከልክለው?
እሁድ እሁድ ይደውላል። ሁለት እሁድ አለፈው።»

ስክሪኑ ብልጭ ይላል፣ መልሴን ይጠብቃል፦
አንድ፣ ፕሬዚዳንቱን። ሁለት፣ ተፎካካሪውን።
ሦስት፣ ያልወሰነ። አራት፣ መልስ የከለከለ።
ለእሷ የሚሆን ሳጥን አልተሠራም፤
እኔ ደግሞ ከተጻፈው ውጪ ቃል አልጨምርም።
«ድምፅዎን፣ እመቤት፣ ለማን ነው የሚሰጡት?»

«ድምፄንማ ሰማኸው፤ ምን ቀረኝ የምሰጠው?
የእሱን ድምፅ ነው እንጂ እኔ የምጠብቀው።
በል አሁን ልዝጋልህ፣ ልጄ፣ አትቀየመኝ፣
መስመሩ እንዳይያዝ።»

አራት ደቂቃ ይዤባታለሁ።
ሦስትን ነካሁ። ቀጣዩ ቁጥር ጠራ።

ዓርብ ጋዜጣው ላይ ወጣ በትልቁ፦
«አርባ ሰባት በአርባ ሰባት! ሁለቱ ተናነቁ፤
ስድስት ከመቶው ሰው ገና አልወሰነም፤
ስህተቱ ቢበዛም ከሦስት አይዘልም።»
ቨርኖን ምራቁን ተፋ፦ «እነዚህ ወላዋዮች፣
አገር ጦር ላይ ሆና!»
ሎሬታም፦ «ደነዞች፣ ዜና እንኳ አይሰሙ!»
በዚህ፣ ከነሐሴ ወዲህ፣ ገና ዛሬ ተስማሙ።

እኔ ሲጋራዬን ረገጥኩ።
አንዷን አውቃታለሁ፣ በጣቴ ያስገባኋት።
ወስናለች እኮ። ስልኩ አጠገብ ወንበር አላት።

አሁን እኔም ውስጥ ገጹን እገልጣለሁ፣
ከጎማ ማስታወቂያ በታች፣ በደቃቅ ፊደል፣
የሞቱት ስም የሚወጣበትን።
ካዝሚር ቅዳሜ የለም። ሰኞም የለም።
የአባቱን ስም ግን አልጠየቅኋትም፤
መጠይቁ ላይ አልነበረም።

ቁጥሯ እዚህ አለ፣ በሲጋራዬ ፓኮ ጀርባ፤
ይዞ መውጣት ክልክል ነው፣ ከሥራ ያባርራል።
እሁድ ከሰዓት በኋላ
ቤቴ፣ ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ፣
«ደወለ ወይ?» ልላት፣ ይህን ብቻ፣
ስድስቱን አሃዝ አንድ በአንድ እነካለሁ።

ምናልባት በዚች ደቂቃ፣ ከዚያ ከአሸዋ አገር፣
ወረፋው ደርሶት ይሆናል፣ ሊነጋገር።

ሰባተኛውን እተወዋለሁ።