አይጥ የበላው ፋይል

ሰንዳፋ መውጫ ላይ፣ ከነዳጁ ማዶ፣
ፎቁ በጅምር ቀርቷል፣ በጀቱ ተንዶ።
እኔ ምድር ቤት ነኝ፣ አምፖል በማይበራበት፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት መዝገብ የያዝኩበት።

አምና፣ በሐምሌ ጭቃ፣ አቶ ዋቅቶላ መጡ፤
ጫማቸውን በር ላይ አራግፈው ተቀመጡ።
"አራት መቶ አሥራ ሰባት" አሉኝ በቃል፤
የልጁን ስም እንኳ ሰው እንዲህ መች ያውቃል!

ፎቅ ወጥቼ ብጠይቅ፣ ስልኩን ሳይዘጋው፣
በእጁ እየሸኘኝ፦ "በያቸው አይጥ በላው።"

አይጥንማ አውቃለሁ፤ አብረን ነው የኖርነው፤
ጥግ ጥጉን ይቀምሳል፣ የሚበላው ያገኘውን ነው።
ይኼኛው አይጥ ግን ሳይማር አልቀረም፤
ከማኅተሙ ገጽ በቀር ሌላ አልሞከረም።
የግብሩን ደረሰኝ ትቶ፣
ልኬቱን በልቶ፣
በአማቱ ስም ካርታ አውጥቶ፣
መኪና ገዝቶ፣
ማታ ማታ ለገጣፎ ፎቅ ሲያሠራ ያመሻል።

ካርታ ይሉታል ደግሞ! ስሙን ማን አወጣለት?
ለአቶ ዋቅቶላ መሬት ነው፣ የአባት አጥንት ያለበት፤
ላይ ላሉት ግን በውዝ ነው፣ ቁረጥ ነው፣ ቁማር ነው፤
ጆከሩም ሁልጊዜ እጅጌ ውስጥ ነው።

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ይላሉ።
ይህን ማን ተረተው?
እሱም አይጥ ነበር መሰለኝ።

አንድ ነገር ግን ረስቷል፤ የእኔን ደብተር።
ባለ መስመር፣ ከሱቅ በራሴ ብር የገዛሁት፣
ማን ምን እንዳወጣ፣ ሌላ ሥራ እንደሌላት ሴት
ቀን በቀን የጻፍሁት።
ግንቦት አሥራ አንድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤
አራት መቶ አሥራ ሰባት፣ ወጪ። ተረካቢ፦ እሱ።
ፊርማው ረጅም ነው፣ መጨረሻው የሚጠቀለል፣
ቁርጥ የአይጥ ጅራት።

ሦስት ኮፒ አስነሣሁ፣ በሦስት የተለያየ ሱቅ።
አንዱን ለአቶ ዋቅቶላ፣
አንዱን ከክልል ለመጡት ሁለት መርማሪዎች፤
ሦስተኛው የት እንዳለ ለባሌም አልነገርኩ።
መርማሪዎቹ አዩ፣ ተያዩ፣ ዝም ብለው ጻፉ።
ከመሃላቸው አንዱ፣ ወጣቱ፣ ሲወጣ
"እትዬ፣ አልፈሩም?" አለኝ።
ፈርቻለሁ እንጂ። ፊርማ ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል እስከ ዛሬ።

ኃላፊው ታገደ። ክሱ በቀጠሮ ይንከባለላል።
አቶ ዋቅቶላ አሁንም ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣሉ፤
መሬታቸው ላይ የሰው አጥር ቆሟል።

ሰኞ ዕለት አዲሱ ሹም ምድር ቤት ወረደ።
ሽቶ ሸተተ። ፈገግ አለ። አንድ ፋይል ፈልጎ፤
"ለመሆኑ" አለኝ፣ "እዚህ አይጥ አለ እንዴ?"

"ሞልቷል" አልኩት፤
ደብተሩን ገልጬ፣ እስክሪብቶውን አቀበልኩት፦
"እዚህ ጋ ይፈርሙ።"