ቃለ ጉባኤ

ሰኞ ረፋድ ነው፤ የውሃ ቢሮው አዳራሽ ይግላል፤
ማራገቢያው ቆሟል፤ ውጭ የአዳማ ነፋስ አቧራ ያንከባልላል።
ስምንት ወንዶች ነን፤ ሰብሳቢው ዙሪያውን ቃኘ፣
ዓይኑ ዞሮ ዞሮ ሂርጴን አገኘ።
«ቃለ ጉባኤ ያዢልን፤ ያንቺ እጅ ጽሑፍ ያምራል።»
ያመሰገናት መሰለው። ለእኔም መስሎኛል።

የቴክኒክ ኃላፊ ናት፤ እኔ በእሷ ሥር ነኝ።
አምና ክረምት፣ ቦይ ውስጥ፣ ጭቃው ወገቧ ደርሶ ስትሠራ አየናት፤
«ወንድ ናት!» አልናት፤
ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ስላልነበረን።

ስለ ፓምፑ ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቅን።
እሷ ከወረቀቱ ቀና ሳትል፣
«ፓምፑ ጤነኛ ነው» አለች፤ «ውሃው የሚፈሰው
ከባቡር ሐዲዱ ሥር፣ መገጣጠሚያው ላይ ነው።»
አንዱ አሳለ። አንዱ ስልኩን ነካካ።
ሻይ መጣ።

ከሻይ በኋላ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣
ያንኑ ቃል፣ ድምፄን ትንሽ ከፍ አድርጌ፣
ደገምኩት።

«ይሄ ነው ወንድ!» ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መታ።
የሂርጴ እስክሪብቶ ቆመ፣ ለአንድ አፍታ፤
ከዚያ መንገዱን ቀጠለ።

ማታ ልፈርም ቀረበልኝ፦
«አቶ ገመዳ እንዳሉት፣ ፓምፑ ጤነኛ ነው…»
አንዲት ነጥብ አልጎደለም፣ አንዲት ፊደል አልተዛባም፤
እውነትም ጽሑፏ ያምራል፤ ስሜ እንዲህ አምሮ አያውቅም።
ፈረምኩ።

በሳምንቱ ሰፈራችን ውሃ መጣ።
ልጄ ባልዲዋን ይዛ ደጅ ወጣች፣
«አባዬ ነው ያገኘው!» ብላ ለጎረቤት አወራች።
ላርማት አሰብኩ፤
ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

ጠረግሁ ብቻ።