ከአስር ስንት?

ከሰዓት ነው፤ የድሬ ፀሐይ ቆርቆሮውን ትጠብሳለች፣
የክፍሉ ማራገቢያ ዘይት እንዳጣች ታቃስታለች።
በእጄ ቅጽ ይዣለሁ፣ ስልሳ ሰው ይሞላበታል፤
ስም የለበትም፣ ቁጥር ነው፤ ለየቁጥሩ ፖስታ ታሽጎለታል።

ከወገብ የሚወጋው ማደንዘዣ ለሁሉም እኩል ነው፤
ጥያቄያችን ከስፌቱ ዳር በኋላ ስለሚጨመረው።
ግማሹ ሰው መድኃኒቱን፣ ግማሹ የጨው ውሃ ይወስዳል፣
የትኛው ለማን እንደ ደረሰ ከቀማሚው በቀር ማን ያውቃል?
እኔ አላውቅም። ታካሚው አያውቅም። ደንቡ እንዲህ ይላል፦
ያወቀ ሰው፣ ሳያስበው፣ ወደ ምኞቱ ያዘነብላል።

በሁለት፣ በስድስት፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት እመጣለሁ፣
«ሕመምዎ ከአስር ስንት ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ።
ዜሮ ማለት ምንም። አስር ማለት ከዚያ ወዲያ የለም።
ብዙው ይመልሳል፤ «ሦስት»፣ «አምስት»፤ አንዷ ግን «አልቆጥርም፣
ሰባት ወልጃለሁ፣ እሱንም አልቆጠርኩም።»

ሠላሳ አንድ ቁጥር አቶ ሮብሌ ዋይስ ናቸው፣
የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ ፍሬን ያዥ፤ ቡአ ነው ሕመማቸው።
የስምምነቱን ወረቀት በተውሶ መነጽር ሁለቴ አነበቡ፣
በፈረንሳይ ፊደል ፈረሙ፣
እንደ ደሞዝ መዝገብ ከሥሩ መስመር አሰመሩ።

ሁለት ሰዓት። እግራቸው ገና የሳቸው አይደለም።
«ከአስር ስንት ነው፣ አባቴ?»
«ደወሌ ነው፤ ገና አልቀረበም።»
«ቁጥር ነው የምፈልገው።»
«ደወሌ አልኩሽ፣ ልጄ፤ ጠረፉ ላይ ነው ያለው።
ጆሮን ከሐዲዱ ለጠፍ ሲያደርጉት
መብራቱ ሳይታይ ብረቱ ነው ቀድሞ የሚያወራው።
ጭነት የያዘ ነው። አይቸኩልም። አይቀርም።»

ቅጹ ላይ ትንሽ ሳጥን አለ፤ ደወሌ አይገባበትም።

ማታ፣ ከከዚራ ወገን ትንሽ ነፋስ መጥታ
መጋረጃውን ነካ አድርጋ ተመለሰች።
«አሁንስ?»
«አይሻን አለፈ። አዲጋላ ቆሟል፤ ነጂው ሻይ ይጠጣል።»
አዲጋላን በኪሎ ሜትር አካፈልኩት፣
ለሦስት አስጠጋሁት፣ ለአምስት፣ መልሼ ሰረዝኩት።
ከአራት ካለፈ መርፌ ይጨመር ይላል ደንቡ፤
ደንቡ በዚያ መስመር ተሳፍሮ አያውቅም።
ጭንቀቴን አይተው መሰለኝ፣ አዘኑልኝ፦
«ስንት ብልልሽ ይሻልሻል?»
የፈራሁት ይህን ነበር፤
ለኔ ሲሉ ቁጥር እንዳይፈጥሩ።
«ምንም አይበሉ» አልኳቸው። ሳጥኑ ባዶውን አደረ።

እኩለ ሌሊት።
የአልጋውን ብረት እንደ ፍሬን ጨብጠውታል፣
ላብ ከግንባራቸው ወደ ጆሯቸው ይወርዳል፤
ሳልጠይቅ ነገሩኝ፦
«ሽንሌ ገባ።»

ከሽንሌ ወዲህ ምን ይቀራል? ድሬ ነው፤ እሳቸው ናቸው።
እስክሪብቶዬን ኪሴ ከተትኩ፣
ቁጥር ሳልጽፍ መርፌውን ሞላሁ።
አሥር ደቂቃ ይሁን አሥራ አምስት፣ ሰዓት አላየሁም፣
ይህም መጻፍ የነበረበት ነው፣
ጣቶቻቸው ከብረቱ ላይ አንድ በአንድ ተላቀቁ።
«ተመለሰ?» አልኩ።
«የጫነ ባቡር መንገድ ላይ አይመለስም።
ቆመ እንጂ። መብራቱ ይታየኛል።»
ከዚያም እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ እንደ ተሳፋሪ።

ከስምንት ወር በኋላ ሐረር፣ ገምጋሚዎቹ ፊት ልቀርብ ስል
የምስጢሩ ዝርዝር ተከፈተ፤ ማን መድኃኒት፣ ማን ጨው።
የሠላሳ አንድን መስመር በጣቴ ሸፍኜ
ወደ ሠላሳ ሁለት አለፍኩ።

ሰንጠረዡ አማረ። ልዩነቱም ጎላ፤ አጨበጨቡ።
አንዱ ብቻ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ
«ስልሳ ብለሽ ለምን ሃምሳ ዘጠኝ ሆነ?» አለኝ።
«የአንድ ታካሚ መረጃ አልተሟላም።»
ራሱን ነቀነቀ። ጻፈው። ገጹን ገለጠ።

አዲጋላ ከአስር ስንት እንደሆነ
ማንም አልጠየቀኝም።