አንድ ሰው

ከፖስታ ቤት ማዶ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ፣
አራተኛው ፎቅ ነው የምሠራው ሰማይ።
አሳንሰሩ ቆሟል ከመንግሥት ለውጥ ወዲህ፤
ጉልበቴን ደግፌ እወጣለሁ እንዲህ።

ግድግዳው በሙሉ የእንቁላል ካርቶን፣
በሩ ላይ ብርድ ልብስ፣ መሃል ማይክሮፎን።
መርከቧ ይቺው ነች፦ ሦስት በአራት ክፍል፣
በፊልሙ ሃያ ሰው፣ እዚህ ሁለት የማትችል።

እኔ ግሌብ ነኝ። ሩሲያዊው። ሞተር ጠባቂው።
ካፒቴኑ ሲያዝዝ የሚያጉረመርመው፣
ሞተሩ ሲታመም በቡጢ የሚያክመው፣
ልክ እንደ ጎረቤቴ፣ ባለ ላዳው ሾፌር፣
ቁልፍ ሳያዞር በፊት በጡጫ እንደሚጀምር።
መኪናዋም ያቺው የሩሲያ ልጅ ናት፤
ከጡጫ በስተቀር ቋንቋ አይገባት።

አዘጋጇ ኤፍራታ፣ ከመስታወት ኋላ፣
ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ ጥላ፣
«ጋሽ አጥናፉ» አለች፣ «አማርኛው ጠራብኝ፤
ፈረንጅ አይደል እንዴ? ስብርብር ያድርጉልኝ።
ሴቷን ‹አንተ› ብሎ፣ ወንዱን ‹አንቺ› ብሎ፣
‹ቀ›ን ‹ከ› አድርጎ፣ ‹ጠ›ን ነቅሎ ‹ተ› ተክሎ፣
ያኔ ነው ሰው የሚስቅ።»

ሰባበርኩት። እሷም ቀድማ ሳቀች፦
«ካፒቴን፣ ተብኪ! ሞተሩ ታማለች!»
እኔም ስቄ ነበር።
ሁለተኛው ቀረጻ ላይ ግን ምላሴ ተያዘ።

ቮሮኔዥ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣
የሌላ ሰው ካፖርት እስከ ቁርጭምጭሚቴ።
ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ፣ በበረዶው መሃል፣
ሌቱን ሙሉ ሳጠና ያደርኩት አንድ ቃል፦
«ኽሌብ»። ዳቦ ማለት።
ጉሮሮ ላይ የቆመች እንደ ዓሣ አጥንት።
ተራዬ ደረሰ። አፌን ከፈትኩና
«ግሌብ» አልኩ።

ግሌብ! የሰው ስም።
ሰልፉ በሳቅ ተናደ፤
ጆሮዬ በዚያ ብርድ እንደ ከሰል ነደደ።
ሻጯ ግን አልሳቀች። ነጭ ሻሽ አሥራለች፣
ፊቴን ትክ ብላ አይታ
«ግሌብ ዛሬ አልቋል፤ ዳቦ ግን አለልህ» አለች።
መልሴን በጭብጧ ይዛ፣ ዱቄት ባለበሰው፣
ሦስት ጊዜ አስብላኝ፣ በሦስተኛው ሰጠችኝ።

ሌላውን ምን ልበል? ስድስት ዓመት ሙሉ
ቀልዶቼ ሁሉ አፌ ላይ እያሉ
ሳይወጡ ቀዘቀዙ።
እዚህ ሰምና ወርቅ የምፈታው ልጅ፣
እዚያ ሸሚዝ መግዛት የማልችል፣ በእጅ ጠቋሚ፣
ደግ ሰዎች ጮክ ብለው የሚያናግሩኝ
የማልሰማ ይመስል።

«ጋሽ አጥናፉ፣ ድጋሚ።»
መብራት ሄደ።
ከነሃያ ነፍሷ መርከቧ ጨለማ ላይ ቆመች።
ምድር ቤት ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት
ጀነሬተሩን እስኪያስነሳ ጠበቅን፣
እኔም፣ ኤፍራታም፣ ካፒቴኑም።
ላወራት ፈልጌ ነበር። ስልኳን አበራች።

ክፍል አሥራ አንድ ላይ ግሌብ ይሞታል።
ይታወቅ ነበረ፤ ስሙ የከበደ ይቀድማል።
አንቴና ሊጠግን ከመርከቧ ወጥቶ
ገመዱ ሲበጠስ፣ ጓንቱ ብቻ ታይቶ፣
ጽሑፉ የሚለው፦ «ደና ሁኚ ሁላችሁ»፣
ከጎኑም በቅንፍ፦ «ያስቃል፣ ያሳዝናል»።

ወረቀቱን አጠፍኩ።
እስከ ዛሬ የሰበርኳትን ፊደል ሁሉ አንስቼ፣
ጠን እንደ ጠ፣ ቀን እንደ ቀ፣ አጥብቄ፣ አጥርቼ፣
«ጥቁር ነው ጠፈሩ። ቅርብ ነው ጥልቁ።
አትጠብቁኝ» አልኩ።

ኤፍራታ «ድጋሚ» አላለችም።
ጸጥታው መቀረጽ አለበት፤ ሃያ ሰከንድ ያህል ጠፈር።
በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ በብርድ ልብሱ ሥር፣
በእንቁላሉ ካርቶን ስንጥቅ፣ ከመንገዱ፣
የወያላ ድምፅ ሾልኮ ገባ፦
«አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው! ሜክሲኮ!»

ጣቷ ማጥፊያው ላይ ነበር። አላጠፋችውም።

ደረጃውን ወረድኩ። ታክሲው አልሞላም ነበር።
ኋላ ወንበር፣ ጥግ ላይ፣ ጉልበቴን አጥፌ
ሃምሳ ብር ዘረጋሁ።
ወያላው ቆጠረ፣ ኪሱን ዳበሰና
«ፋዘር» አለኝ፣ «መልስ ይጠብቁ።»