ለማን ነው?

በዚህች ትንሽ ደሴት አንድ መብራት አለ፣
ለልጆቹ ተብሎ የተተከለ፤
ባሕር ተሻግረው ኦሳካ ሲገቡ
ቀይን እንዳይንቁት፣ ቆመው እንዲያስቡ።

ኪኑዮ ማለዳ ዓሣዋን ጭናለች፣
ጀልባው ሳያመልጣት ልትደርስ ትከንፋለች፤
በረዶው ይቀልጣል፣ ጊዜው ይነጉዳል፣
መብራቱ በርበሬ መስሎ ይነዳል።

ቆመች።
ከግራ ነፋስ ነው፣ ከቀኝም ነፋስ፤
ፖሊሱም አይነቃ ፀሐይ እስክትደርስ።
ትምህርት ቤቱም አምና በሩ ተቆልፏል፣
የመጨረሻው ልጅ፣ የሷው ልጅ፣ ተሻግሯል።

«ማንም በሌለበት ለማን ነው የምንቆመው?»
ብሎ ጠይቋት ነበር አንድ ቀን ሲሰለቸው።
መልስ አልነበራትም፤ «ዝም ብለህ ቁም» አለችው።

ዛሬ ግን ፍሬኑን እንደረገጠች
አንድ የማታውቀውን ሾፌር አሰበች፤
እዚያ ማዶ ያለ፣ እንደሷ የቸኮለ፣
«አሁንስ ረፈደ» ለራሱ እያለ፣
ጭነቱ የሚቀልጥ፣ ሰዓቱ ያለፈ፣
ቶሞያ እስኪሻገር ባለበት ያረፈ።

አረንጓዴው በራ፤ ጀልባው ጥሩንባ ነፋ።
ኪኑዮ አልነዳችም።
አንድ ሸርጣን በጎኑ መንገዱን ይሻገራል፤
እሱ መብራት አያውቅም።