የመጋቢት ሃያ ሦስት አበባ

«ጸደይ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ጅማ ላይ ጠብ ይነሳል፤
አንዱ አደይ አበባን ጠርቶ በመስከረም ይምላል፤
ሌላው መቁጠሪያ ገልጦ፣ «ያማ መፀው ነው፤ ተሳስተሃል፤
ጸደይ መጋቢት ሃያ ስድስት ገብቶ ሦስት ወር ይቆያል።»

አባ ፎጊ ግን፣ የችግኝ ጣቢያው ጡረተኛ፣
ለማንም አይፈርድ፤ «ቡናዬ ናት ዳኛ፤
ነጭ የለበሰች ዕለት ያን ቀን ጸደይ ገባ፤
ከዚያ በፊት ያለው ወሬ እንጂ አይደል አበባ።»

ያን ዓመት እኔና ነጂብ፣ የመፍቱሃ ልጅ ሰሚራ፣
ስለ አፕሪል ዘ ፉል ሰማን፣ አጂፕ ሱቅ በር ላይ ሲወራ፤
በፈረንጅ ወሩ አንድ ሲል፣ በእኛ መጋቢት ሃያ ሦስት፣
ዓመት ጠብቆ የሚመጣ፣ ግብር የሌለው ውሸት።

ዝናብ ገና አልጣለም፤ የአዌቱ ወንዝ ከስቶ
ተኝቷል፣ ድንጋዩን እንደ ጎድን አውጥቶ።
ነጂብ ከእናቱ ጓዳ አንድ ጣሳ በቆሎ ሰረቀ፤
ድስቱ ውስጥ ተንጣጣ፣ ክዳኑን ገፍቶ ሳቀ።

ማታ አጥሩን ዘለልን፤ እሾኹ ሱሪ ቀደደ፤
ሰሚራ ባትሪ ያዘች፤ ውሻው አንዴ ጮኸ፣ ለመደ።
በዱቄት ሙጫ እየለጠፍን፣ በየአንጓው ስድስት ሰባት፣
አንዲት እግር ቡና ኳልን፣ ለማለዳ ሙሽርነት።

ሲነጋ ነጂብ በር መታ፦ «አባ! አባ! አበባ!»
ሽማግሌው አንድ እግሩ ባዶ፣ ሮጦ ከጓሮ ገባ።
ቆመ። አየ። ጎንበስ አለ። መነጽሩን ጠረገ፤
አንዷን ፍሬ ቀጠፈና ምላሱ ላይ አደረገ።

«ጨው አንሷታል» አለ።

እኛ በሳቅ ስንፈርስ፣ ነጂብ መሬት ተንከባሎ፣
እሱ ፊቱ እንደ ችሎት፣ ጺሙን በጣቱ ጠቅልሎ፦
«ሁለት ነገር ረሳችሁ፤ አንደኛ ሽታው የታለ?
ሲፈካ ሰፈር ያሰክራል። ሁለተኛ፣ ንብ የለ።
ቡና ሳያርሰው ዝናብ፣ እንዲያው በወሬ አይፈነዳም፤
ከራሰም በኋላ ስምንት ቀን ሳይቆጥር አይሰናዳም።
ከፈካ ሦስት ቀን ነው ሠርጉ፤ ያስነጠሰ ያመልጠዋል፤
ዘንድሮ ግን ለሚዜነት በቆሎ ቀድሞ መጥቷል።

መልካም! ግን ሕግ አለ፣ ያገር፣ የድሮ፣ የጥንቱ፤
አበባ ያበሠረ ልጅ ጉድጓድ መማስ ነው ሥርዓቱ።
ሠላሳ! ጥልቀቱ ክንድ ከስንዝር፤ አፈሩን ለዩና አኑሩ፤
ሰኔ ላይ ጥቁሩ ይቀድማል፤ እሱን ነው የሚወደው ሥሩ።
ከጉድጓድ ጉድጓድ ሁለት ሜትር፣ ከሰሳው ጥላ ሳትርቁ፤
ችግኝ ስትመርጡ፣ ቅጠል አያሞኛችሁ፤ የታጠፈ ሥርን ናቁ።»

ሦስት ቀን ቆፈርን። መዳፍ ተላጠ፤ ነጂብ አካፋ ሰበረ፤
ሃያ ሁለተኛው ጉድጓድ ሁለት ጊዜ ተቆጠረ።
(ዛሬም ከሰሳው ስር ያሉት ሃያ ዘጠኝ ናቸው፤
ሠላሳኛዋ የት ሄደች ብሎ የጠየቀ የላቸው።)

ሐሙስ ዕለት ለሰሚራ እናት፣ ሂርማታ ገበያ መሐል፣
ሕጉን ብናስረዳት፣ የቅቤ ሚዛኗ በሳቅ ተናግቷል፦
«የምን ሕግ? የማን ጥንት? እዚሁ ተወልጄ አርጅቼ፣
እንዲህ ያለ ሥርዓት አላውቅም፣ ከማንም አፍ ሰምቼ!»

ተመልሰን ብንጮህበት፣ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣
ፈንዲሻችንን ከቅርንጫፍ ለቅሞ፣ በጨው አጣፍጦ፣
«መጋቢት ሃያ ሦስት» አለ፣ «ለእናንተ ብቻ ነው እንዴ?»

ሚያዝያ ሁለት ሌሊት ጣለ፤ ቆርቆሮው ሲጮህ አደረ፤
እኛ ረሳን፤ እሱ ግን በጣቱ ቀን ይቆጥር ነበረ።
በዘጠነኛው ማለዳ በራችን ተመታ፦ «ልጆች! አበባ!»
ብርድ ልብሴን እየሳብኩ፣ «ሌላ ሞኝ ይፈልጉ፣ አባ!»

መልስ የለም። ኮቴው ራቀ።
ከዚያ በበሩ ስር፣ በግድግዳው ቀዳዳ፣
ሽታው ገባ፣ ሳያንኳኳ፣ እንደ ቤተኛ እንግዳ፤

ከኋላውም አንዲት ንብ።